የሀዋ ፋኖስና የሆጤ ደግነት

ወዳጄ፣ አሁን የማጫውትህ ነገር ከራስ ጸጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እውነት ነው። ወላሂ ብዬ አልምልም፤ ወላሂ ለቁም ነገር የሚቀመጥ መሐላ ነው፣ ለአበባ ወሬ አይባክንም። በዕድሜዬ ነው የምምለው። አንዲት ቃል ከዋሸሁ ዕድሜዬን ይቁረጠው! ለእኔ ደግሞ አትስጋ። የቀረችው ትንሽ ናት፤ ቢቆርጧትም ብዙ ጨርቅ አይወጣትም።

እስቲ ልጠይቅህ፤ የቤት ውስጥ ተክልና እንግዳ ልዩነታቸው ምንድን ነው? እኔ ፈልጌ አላገኘሁትም። ሁለቱም ጥግ ይዘው ይቀመጣሉ። ሁለቱም ተነስተው ውሃ አይቀዱም። ሲከፋቸው አይናገሩም፣ ፊታቸው ይጠቁራል እንጂ። ሁለቱንም ደግሞ ያለ ልክ ካስተናገድካቸው ያማቸዋል። ይቺን የመጨረሻዋን ያወቅኳት አምና ክረምት ነው። እንዴት እንዳወቅኳት ልንገርህ።

ይማም እባላለሁ። ጉልበቴን የጨረስኩት ከደሴ አሰብ ከባድ መኪና ስነዳ ነው። የሐረጎን ቁልቁለት፣ ያን ጥምዝምዝ መንገድ ታውቀዋለህ አይደል? አንድ ቀን ከፊቴ ያለው መኪና አላሳልፍ ብሎኝ ጥሩምባ ብነፋ፣ ብነፋ፣ ወይ ፍንክች! በኋላ ታርጋውን አተኩሬ ባየው የራሴ ተሳቢ ነው። አሁን ጡረታ ወጥቼ እዚሁ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ተቀምጫለሁ። ግቢያችን አንድ፣ ቤታችን ሁለት ነው፤ አንዱ የኔ፣ አንዱ የታላቅ እህቴ የሀዋ። ሀዋ ካለች ቀኔ ሙሉ ነው። ጠዋት ትሰድበኛለች፣ ከሰዓት ትታረቀኛለች፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ ለነገ የሚሆን ስድብ እያሰበች ዝም ትላለች።

በሀዋ መስኮት ላይ አንዲት ተክል አለች። ቅጠሏ የወይን ቅጠል ይመስላል። አበባዋ ብርቱካንማ ነው፤ እንደ ፋኖስ ቁልቁል ይንጠለጠላል። ስሟን የሚያውቅ ስለሌለ ሁላችንም “ፋኖሷ” እንላታለን። ድምቀቷ እንዴት ነው ብትለኝ፣ መብራት ሲጠፋ ጎረቤት ምስር ለመልቀም እሷ አጠገብ ይመጣ ነበር። አትሳቅ፤ ምስሩን የበላሁት እኔ ነኝ፣ አንድ ጠጠር አልነበረበትም።

ያመጧት የሀዋ ባል ሐጂ እንድሪስ ናቸው፤ አላህ ይዘንላቸው። አያታቸው ከየመን የመጡ፣ እሳቸውም እንደ አባት አያታቸው ጨርቅ ሻጭ ነበሩ። በጨርቅ በኩል ለሀዋ ያላመጡላት የለም፤ አበባ ግን በትዳር ዘመናቸው ሁሉ ያመጡላት አንዴ ነው። እሱም አበባ አልነበረም። በእርጥብ የጨርቅ ብጣሽ የተጠቀለለ እንጨት ነው። “ምንድን ነው ይሄ?” ብትላቸው፣ “ትዕግሥት ካለሽ አበባ፣ ከሌለሽ ማገዶ” አሏት። ሀዋ ትዕግሥት የላትም፤ ግን እልህ አላት። በእልህ አሳደገቻት።

አምና ክረምት ሊገባ ሲል የሀዋ ጉልበት አመፀ። የደሴ ጉም እንዴት እንደሆነ ታውቃለህ፤ ከጦሳ ተራራ ወርዶ በር ሳያንኳኳ ነው የሚገባው። እኔ ራሴ አንድ ጠዋት ኮቴን ማንጠልጠያ ላይ ያደረግኩ መስሎኝ ጉሙ ላይ ሰቅዬው፣ ጉሙ ሲነሳ ኮቴንም ይዞት ሄደ። ኩታበር ላይ ታየ ብለውኛል። እንዲህ ያለ ጉም ለሽማግሌ ጉልበት አይሆንም። ልጇ ጀማል የሚኖረው ኮምቦልቻ ነው። “እማ፣ እዚህ ሙቀት ነው፣ ነይ” አላት። ሊወስዳትም መጣ።

ጀማል ክፉ ልጅ አይደለም። ነጋዴ ነው እንጂ። ነጋዴ ደግሞ ባዶ ቤት ሲያይ መዳፉን ይበላዋል። “ቤቱ ተዘግቶ አይጥ ከሚወርሰው ይሸጥ፤ ገዢም አለ” አላት። ሀዋ እሺም አላለች፣ እምቢም አላለች። መስኮቱ ላይ ያለችውን ተክል አሳይታ፣ “ይቺ በሕይወት እስካለች ደሴ ላይ ቤት አለኝ። የደረቀች ቀን ሽጠው፤ እኔም አልመለስም” አለችው። ከዚያ ወደኔ ዞረች። “ይማም፣ አደራ!” አለችና ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀምጣ ሚኒባሱ ውስጥ ገባች።

አደራ! አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ። እኛ ዘንድ ሰው የገደለ እንኳ ሽማግሌ ገብቶ ይታረቃል። አደራ በላ ግን ሰላምታውም አይመለስለትም። የኔን ነገር ደግሞ አስበው። ተክሏ ከደረቀች ቤቱ ይሸጣል። ቤቱ ከተሸጠ ሀዋ አትመለስም። ሀዋ ካልተመለሰች ማን ይሰድበኛል? በዚህ ዕድሜዬ አዲስ ተሳዳቢ ከየት አባቴ አመጣለሁ?

እንግዲህ እንዳቅሜ ጀመርኩ። መጀመሪያ ምን አሰብኩ? እንግዳ ባዶ ቤት ብቻውን አይቀመጥም። ስለዚህ ከሀዋ መስኮት አንስቼ ሳሎኔ አስገባኋት። የት አስቀመጥኳት? የክብር ቦታ ነዋ፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ ቀይ ምንጣፍ የለበሰው ጠረጴዛ ላይ። ፀሐይ እዚያ ደርሳ አታውቅም፤ ክብር ግን ሞልቷል። ሁለተኛ፣ ሀዋ የተከለቻት ሥሩ በተበሳ የቀለም ባልዲ ውስጥ ነው። እንግዳ በባልዲ ይቀመጣል? አይቀመጥም። ለድግስ ብቻ የሚወጣውን ትልቁን ድስት አወጣሁና ባልዲዋን እሱ ውስጥ ከተትኩት። አጠጣኋት። ዜና ከፈትኩላት። ከዚህ በላይ ምን ይደረጋል?

ብዙም ሳይቆይ ቅጠሏ ቢጫ ሆነ። ከዚያ አንድ በአንድ ይረግፍ ጀመር። እምቡጦቿም ሳይከፈቱ ወደቁ። በዜናው ነው ብዬ ቴሌቪዥኑን ዘጋሁት። ብሶባት ቁጭ አለ።

ጀማል ጠዋት ጠዋት ይደውላል። “አጎቴ፣ እንዴት አደሩ?” ይለኛል። አልሐምዱሊላህ እላለሁ። “እሷስ?” ይላል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ሀብታም አክስት ታማበት ሆስፒታል በር ላይ የቆመ ወራሽ ሰምተህ ታውቃለህ? ልክ እንደዚያ ነው። “ደህና ናት፤ ትንሽ ቀለል ብላለች” እላለሁ። ቅጠሏ ስለረገፈ መቅለሏ ውሸት አይደለም።

ደግሞ ደላላው ሙሄ አለ። ገዢውን ያመጣው እሱ ነው። “ጋሽ ይማም፣ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁ” እያለ ይገባል፤ ዓይኑ ግን ፋኖሷ ላይ ነው። “ዋ! እንዴት ያለች ተክል! ቁመቷ ማማሩ! አበባዋ ማማሩ!” ይልና ዝም ይላል። እጠብቃለሁ። አይጨርሰውም። ወዳጄ፣ የሰው ነገር አድንቆ ማሻአላህ ሳይሉ ዝም ማለት፣ በኛ አገር ድንጋይ ከመወርወር አይተናነስም።

“ማሻአላህ በል!” አልኩት።

“በልቤ ብያለሁ፣ ጋሽ ይማም።”

“እኔም ውጣ ብያለሁ፤ በልቤ አይደለም።”

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። እየሳቀ ወጣ። ያን ቀን ሌላ ቅጠል ረገፈ። እኔ ሁሉንም በሙሄ ዓይን አሳብቤ ልተኛ እችል ነበር። ነገር ግን አንድ ክፉ አመል አለብኝ፤ ነገር ካልገባኝ ምሳ አይወርድልኝም። ሹፌር ሆነህ “መኪናዬን ቡዳ በላት” ብለህ መንገድ ላይ አትቀርም፤ ኮፈኑን ትከፍታለህ። ስለዚህ ኮፈኑን ከፈትኩ።

መጀመሪያ ስሟን ለማወቅ ፈለግኩ። በስልኬ ፎቶ አንስቼ ስልኩን ራሱን ጠየቅኩት። “አቡቲሎን” አለኝ። ሌላም ስም አላት፤ ፈረንጆቹ አበባ የምታወጣ ሜፕል ይሏታል። ሜፕል ማለት ያ የካናዳ ባንዲራ ላይ ያለው ቅጠል ነው። ሱብሃነላህ! የሆጤዋ ፋኖስ ካናዳ ዘመድ አላት ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ። ትንሽ ዝቅ ብዬ ሳነብ ዘመዳሞች እንኳ አይደሉም፤ ቅጠላቸው ስለተመሳሰለ ብቻ ነው። እውነተኛ ዘመዶቿ ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? ጥጥና ባሚያ! ሐጂ እንድሪስ ይህን ሳያውቁ መሞታቸው ቆጨኝ። ዕድሜ ልካቸውን ጨርቅ ሲሸጡ ኖረው፣ ለሚስታቸው ያመጡት አበባም የጥጥ የአክስት ልጅ ነበር።

ከዚያ አንዲት የቀረች አበባዋን መመርመር ጀመርኩ። ለምንድን ነው ቁልቁል የምታየው? አበባ ሁሉ ሽቅብ ያያል፤ ይቺ ምን አግኝቷት ነው? ጎረቤቴን ሼህ ሁሴንን ብጠይቃቸው፣ “ሐያእ ነው፤ ታፍራለች” አሉኝ። ማዶ ያለችውን አስካለን ብጠይቃት፣ “ትሰግዳለች እንጂ ምን ታፍራለች፣ ጋሽ ይማም” አለች፤ ነጠላዋን እያስተካከለች። እኔ ግን መኪና ሥር መተኛት የለመድኩ ሰው ነኝ። በጀርባዬ ተኝቼ ከሥሯ ገባሁና ሽቅብ አየኋት። ወዳጄ፣ ውስጧ እንደ ተወጠረ ሐር ነው፤ የደም ሥር የሚመስሉ ቀያይ መስመሮች ተዘርግተውበታል። እዚያው ተኝቼ እያሰብኩ ሳለ ገባኝ። ጃንጥላ ናት! ዝናብ ውስጧን እንዳይነካው ነው የተገለበጠችው።

ይህን እያሰብኩ ሳለ አንድ ጠብታ ውሃ ግንባሬ ላይ ጠብ አለ።

ከየት መጣ? ቀና ብዬ ሳይ ድስቱ ሞልቶ እየፈሰሰ ነው። እኔ ደግሞ ያን ቀን አላጠጣኋትም። የዚያን ቀን ቀርቶ የፊተኛውንም ቀን አላጠጣኋትም! ጣቴን አፈሩ ውስጥ ብከተው ጭቃ ነው። እንግዲህ ማነው?

በማግስቱ ሥራዬን ሁሉ ትቼ፣ ሥራ የለኝም እንጂ ቢኖረኝም እተወው ነበር፣ ከመጋረጃው ጀርባ ቆምኩ። የቤቴ በር እንደ ሆጤ በር ሁሉ ክፍት ነው። ገና ከመቆሜ አስካለ ኩባያ ይዛ ገባች። “የኔ እናት፣ አፈር ልብላልሽ፣ እንዲህ ጠውልገሽ! ጠበል ነው፤ ጠጪ” አለችና ገለበጠችባት። አማትባባት ወጣች። እሷ ስትወጣ ሼህ ሁሴን በማንቆርቆሪያ ውሃ ይዘው ገቡ። ቁርኣን ቀሩ፣ ቀሩ፣ ውሃው ላይ እፍ አሉበት፤ ከዚያ ከነማንቆርቆሪያው አጠጧት። “ሺፋ ያድርግልሽ” አሏት። እሳቸው እንደወጡ አስካለ ተመልሳ መጣች፤ “ያቺ አንሳሻለች፤ በሞቴ ይቺን ብቻ” እያለች ሌላ ኩባያ ደገመቻት።

ቀጥሎ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ደላላው ሙሄ! አሁን መርዝ ሊያፈስባት ነው ብዬ ከዘራዬን ጨበጥኩ። ዙሪያውን አየ። ጎንበስ አለ። የረገፈውን ቅጠል አንስቶ አገላብጦ አየው። እንደ ማዘን ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ከኪሱ የታሸገ ውሃ አውጥቶ ግማሹን አፈሰሰላት። “አብሽሪ፣ አይዞሽ” አላት፤ ወጣ። እጄ ከከዘራው ላይ ላላ። በወሎ ጠላትህ እንኳ ደጅህ ሲደርስ ያስተናግድሃል ለካ!

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ኩባያ ቢያብር ደግሞ አበባ ያሰጥማል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚሉትም እንዲህ ያለውን ይሆናል። ሞተር ነዳጅ ሲያንሰው ብቻ ነው የሚቆመው ያለህ ማነው? ሲበዛበትም ይታነቃል። ያውም ሲታነቅና ሲጠማ ድምፁ አንድ ዓይነት ነው፤ ተክልም ስትሰጥም እንደተጠማች ትጠወልጋለች። እኛ ደግሞ በጠወለገች ቁጥር አዘንን፣ ባዘንን ቁጥር አጠጣናት። ባልዲዋን ከድስቱ ባወጣት ሽታዋ የቦርከና ወንዝ ሞልቶ ሲጎድል እንደሚተወው ጭቃ ነበር።

ጎረቤት ሰበሰብኩ። እንዳልቆጣቸው ፈርተው ሁሉም በየተራ አመኑ። ሼህ ሁሴን “እኔስ ሌላ ሰው የሚያጠጣት አልመሰለኝም” አሉ። አስካለ “እኔም” አለች። ሙሄ እዚያ ምን እንደሚሠራ የጠየቀው የለም፤ እሱም “እኔም” አለ። በኋላ አስካለ፣ “በቃ በተራ እናጠጣት፤ ማኅበር ይሁን፤ ጸሐፊም እንምረጥ” ስትል ከዘራዬን መሬት ላይ መታሁ። ከእንግዲህ የሚያጠጣት አንድ ሰው ነው፤ እሱም ጣቱን አፈሩ ውስጥ ከትቶ፣ ላዩ ደረቅ ሲልለት ብቻ! ሁሉም እንደ ጨካኝ አየኝ።

ፋኖሷን ወደ ሀዋ መስኮት መለስኳት፤ የጠዋት ፀሐይ ወደሚነካት ቦታ። ቅጠሏን ገልብጬ ሳይ ደግሞ ከሥሩ ነጫጭ ነገር እንደ ዱቄት ተጣብቋል። ነካ ሳደርገው ብር ብሎ ተነሳ። ዝንብ ነው! በሳሙና ውሃ በራሰ ጨርቅ ቅጠል በቅጠል ጠረግኳት። የመኪናዬን መስታወት እንኳ እንደዚያ ጠርጌው አላውቅም። ደህና ሆነች ስል ግን፣ አንዴ የረገፈው ቅጠል አልመለስ አለ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ራቁቷን ሆና አናቷ ላይ ብቻ ትንሽ ቅጠል ቀርቷታል፤ ራሱን ተላጭቶ ቁንጮ ያስቀረ ልጅ ትመስላለች።

እንደገና ስልኬ ላይ ቪዲዮ ከፈትኩ። አንዲት ሽርጥ የታጠቁ ፈረንጅ ባልቴት የራሳቸውን አቡቲሎን አቅርበው ይናገራሉ። ቋንቋቸውን አልሰማም። ግን መቀስ አነሱ። መቀስ አስተርጓሚ አይፈልግም። ቅርንጫፏን ቀጭ! ሌላውንም ቀጭ! ጉቶ እስክትቀር ቆረጧትና ፈገግ አሉ። ወዲያው ቀጥሎ ያቺው ተክል ሞልታ፣ አብባ ታየች። አገላብጬ አየሁት። መቆረጥ አለባት ማለት ነው።

እንዴት አድርጌ? አደራ እኮ እንደተሰጠ ነው የሚመለሰው! በግ አደራ ተሰጥቶህ ሙዳ ሥጋ ትመልሳለህ? ሀዋ ጋ ደውዬ ልጠይቅ አሰብኩ፤ ጀማል አጠገቧ ነው፣ ነገሩ ይሰማል። በመጨረሻ ሼህ ሁሴን ጋ ሄድኩ። አዳመጡኝና ጺማቸውን እያሻሹ፣ “ይማም፣ ጸጉሩ የቆሸሸ፣ ቅማል የወረሰው ልጅ አደራ ቢሰጡህ፣ ‘አደራ ነው፣ አልነካውም’ ብለህ ለቅማሉ ትተወዋለህ?” አሉኝ። “እላጨዋለሁ” አልኩ። “እንግዲያው ምን ቆመህ ትጠይቀኛለህ?” አሉ። አስካለን ደግሞ ጠየቅኳት። “ሼህ ሁሴን ካሉ እኔ ምን ልጨምር? ብቻ ቀስ ብለው ይቁረጧት” አለች።

ቢስሚላህ ብዬ የሀዋን የልብስ መቀስ አነሳሁ።  ተሳቢ እየጎተትኩ ሐረጎን በጉም ስወርድ እንኳ እንደዚያ ቀስ ብዬ አላውቅም! ቀጭ አደረግኩ። ድጋሚ ቀጭ። ስጨርስ የቀረችው አጭር ጉቶ ናት፤ ቅጠል የሚባል የላትም። ቁርጥራጩን አስካለ “እኔ እጠርገዋለሁ” ብላ ሰብስባ ወሰደችው። ለፍየሏ መስሎኝ ነበር።

መስከረም ገባ፤ ደጁ ሁሉ አበባ ሆነ። የኔዋ ጉቶ ጭጭ። ጠዋት ጠዋት መነጽሬን አድርጌ እመረምራታለሁ፤ ቡቃያ የለ፣ ምልክት የለ። ሙሄ አንድ ቀን በመስኮት አያት። ወዲያው ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገ። ጀማል ሲደውልልኝ “እሷስ?” ብሎ አልጠየቀኝም። “አጎቴ፣ ጁምዓን ሰግደን ከእማ ጋር እንመጣለን፤ ገዢውም ቸኩሏል” ነው ያለኝ። ምሳዬን ሳልበላ ዋልኩ።

መጡ። ሀዋ ከዘራዋን ይዛ በጀማል ተደግፋ ገባች። ሙሄ ተከትሎ ገባ። ሼህ ሁሴንም፣ አስካለም ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ግድግዳ ታክከው ቆሙ። ሁላችንም ጉቶዋን ከበብናት።

“ኢና ሊላህ” አለ ሙሄ። “እትዬ ሀዋ፣ አላህ ይተካልዎ። ሞታለች።”

“አፍህን ዝጋ!” አለች አስካለ። “ማን ነው የሞተው? ተኝታ ነው!”

“በጥርጣሬ ጀናዛ አይሰገድም” አሉ ሼህ ሁሴን።

ጀማል እናቱን አየ። “እማ፣ ቃልሽ ትዝ ይልሻል አይደል?” አላት ቀስ ብሎ።

ሀዋ ወደኔ ዞረች። “ይማም፣ አደራዬን ቆረጥካት?”

“ቆረጥኳት።”

“ለምን?”

“እንድትኖር።”

“አንተ!” አለች። “ሠርግህ ቀን ጺምህን ላጭ ስትባል አልቅሰህ አገር የሰማህ ሰውዬ፣ ደርሰህ ለኔ ተክል ጸጉር አስተካካይ ሆንክልኝ?”

ወዳጄ፣ ሁሉም ሳቀ፤ እኔ ግን እንባዬ መጣ። ክረምት ከገባ ወዲህ የተሰደብኩት የመጀመሪያ ስድብ ነው።

ሀዋ ቦርሳዋን ከፈተች። መነጽሯን አወጣች፤ በሻርፗ ጫፍ ወልወል አድርጋ አፍንጫዋ ላይ አስቀመጠችው። ያ አመፀኛ ጉልበቷ እየተንቋቋ ጎንበስ አለች። የጉቶዋን ልጥ በአውራ ጣቷ ጥፍር ፋቅ አደረገች።  እሷ አየች። አተኩራ አየች። ከዚያ የፋቀችው ቦታ ላይ አውራ ጣቷን ጫን አድርጋ ቀና አለች።

“አረንጓዴ ናት። አለች።”

ሙሄ እሱም ሊያይ አንገቱን አሰገገ። “ዓይንህን ሰብስብ!” አለችው። “ማሻአላህ የማይል ዓይን አይጠጋትም!”

“ማሻአላህ! ማሻአላህ፣ እትዬ ሀዋ!”

“አሁንማ ምን ያደርግልኛል? ዘግይተሃል” አለችው። ከዚያ ወደ ልጇ ዞራ፣ “አባትህም ሲያመጣልኝ እንጨት ነበረች። ትዕግሥት ካለህ አበባ፣ ከሌለህ ማገዶ” አለችው።

ጀማል ነጋዴ ነው ብዬሃለሁ፤ ነጋዴ በአንድ ቃል አይረታም። “እሺ እማ፤ ግን ሳታቆጠቁጥ ብትቀርስ?” አለ።

ይህን ጊዜ አስካለ ሹልክ ብላ ወጣች። ስትመለስ የቲማቲም ጣሳ ይዛለች። ጣሳው ውስጥ አንዲት ቁራጭ፣ አናቷ ላይ እንደ ሕፃን መዳፍ ያለ አዲስ ቅጠል ዘርግታ ቆማለች። “የአደራ ቁራጭ አይጣልም ብዬ ተከልኳት፣ እትዬ ሀዋ” አለች አንገቷን ደፍታ። ሼህ ሁሴን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “ከአስካለ አንዷን ለምኜ እኔም ዘንድ አንዲት አለች” አሉ። ሁላችንም ሳናስበው ወደ ሙሄ ዞርን። የሙሄ ጆሮ ቀላ። “እኔ እንኳ... ያን ቀን አንዷ ደጅ ወድቃ አግኝቻት... ሱቄ መስኮት ላይ ናት። እምቡጥ ይዛለች” አለ።

ሀዋ ሳቀች። ጉልበቷን ረስታ እስክትቀመጥ ሳቀች። “በል እንግዲህ፣ ልጄ ጀማል” አለች፤ “የሆጤዎቹ ሁሉ የደረቁ ቀን ቤቱን ሽጠው።”

ጀማል ራሱን አከከ። ሙሄን በዓይኑ ፈለገው፤ ሙሄ ግን ስለ እምቡጡ ለአስካለ እያስረዳ ነበር። ቤቱ አልተሸጠም። አሁን ሀዋ ጉም ሲመጣ ኮምቦልቻ ትወርዳለች፣ ጉም ሲነሳ ደሴ ትወጣለች። ጉቶዋም አልዋሸችም፤ ብዙ ሳትቆይ ከየአንጓዋ አቆጥቁጣ ይኸው መስኮቱን ሞልታዋለች። ጀማል ራሱ ከአስካለ አንድ ጣሳ ይዞ ወርዶ ነበር። እስከ ዛሬ ጠዋት ጠዋት ይደውላል፤ ድምፁ ግን የወራሽ አይደለም፣ የወላጅ ነው። “አጎቴ! እኩለ ቀን ላይ ተዝለፈለፈች!” ይለኛል። ከኮምቦልቻ ፀሐይ ከለል አድርጋት እለዋለሁ። ስንቴ አጠጣሃት ስለው፣ “እኔ አንዴ ብቻ ነው” ይላል፤ ድምፁን ዝቅ ያደርግና፣ “ባለቤቴም አንዴ ነው። ጎረቤታችንም...”

እንግዲህ ወዳጄ፣ በዕድሜዬ ስለማልኩ አንዲት ነገር ሳላምን አልለይህም። ትንሽ ነገር ናት። ጉሙ ኮቴን መውሰዱ እውነት ነው። የራሴን ተሳቢ በጥሩምባ ማባረሬም እውነት ነው። ያ ምስርም አንድ ጠጠር አልነበረበትም። መነጽሩ ግን የኔ ፈጠራ ነው። ሀዋ ያን ቀን መነጽር አልያዘችም፤ ኮምቦልቻ አልጋዋ ራስጌ ረስታው ነው የመጣችው። ያለ መነጽር ደግሞ እህቴ አረንጓዴና ቡኒ መለየቷ ቀርቶ፣ ከሚኒባሱ ስትወርድ “ወንድሜ!” ብላ ያቀፈችው ሙሄን ነበር።